«ልቤን» አለኝ

ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ከንፋስ መውጫ የላከችልኝ ትዕግሥት ናት። «እማዬ፣ የሆድሽን ጻፊው፤ ለሰው ስትመልሺ ትታመሚያለሽ» ብላ። የቀረችኝ ልጅ እሷ ናት። እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ፤ መጻፍ አያቅተኝም፣ እጄ ግን ቀስ ይላል። ቢሆንም ለሰው ከመመለስ ይሻላል።

ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «እንዳልካቸውን ምን ገደለው?» ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ገና መቀመጫ ሳይዝ፣ «ለመሆኑ ሕመሙ ምን ነበር?» ይለኛል። ጉንፋን እላለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ደግሞ ያልሰሙ ይመስል «ምን?» ይላሉ። ጉንፋን! ስንቴ ልበል?

ጎረቤታችን ጥጋቡ እንኳ፣ መቃብሩን የቆፈረ ሰው፣ ዛሬ ምን አለኝ? «አይ ላቀች፣ ጉንፋንማ እኔን በየዓመቱ ይይዘኛል። እኔ ምን ጎድሎኝ ነው የማልሞተው?» ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩለትም።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ቁመታም፣ መምህር የሆነ ልጅ በጉንፋን ሞተ ስል እኔም የምዋሽ ይመስለኛል። ቃሉ አነሰው። ሐኪሞቹ የነገሩን ቃል ረጅም ነው፤ ትዕግሥት ታውቀዋለች፣ እኔ አልይዘውም።

ባለቤቴን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ማንም አይጠይቃቸውም። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ያስተማሩት ብዙ ነው፣ ይፈሯቸዋል። እኔም በሰው ፊት አንቱ እላቸዋለሁ። ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ነው። የሕመም ነገር የሴት ነው ይላሉ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ገበያተኛው በደጃችን ያልፋል። ሁለት ሴቶች አህያ እየነዱ። አንዷ «ይኸውልሽ ቤቱ፤ በጉንፋን የሞተው መምህር» አለች። ሌላዋ «መድኃኒት አብልተውት ነው እንጂ!» አለች። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ሰማኋቸው። ነውር ያልተናገረች አህያዋ ብቻ ናት።

ኅዳር 9

አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ልጻፈውና ልገላገል።

እንዳልካቸው የሚያስተምረው አርብ ገበያ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል። በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ ሲመጣ ጉንፋን ይዞት ነበር። «ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያስላል፤ ልጆቹም እኛም» አለኝ። ሰውነቱ እሳት ነው። ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ሰጠሁት፤ ዳማ ከሴ አሸሁለት። ሦስት ቀን ተኛ። ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቀውና ተነሥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ዳነ አልን። ሐሙስ ዕለት ገብሱን ልየው ብሎ ማሳው ድረስ ሄደ፤ ሲመለስ እንደ ሽማግሌ ቆም ቆም እያለ ነው። ደጁ ላይ ደረሰና «እማዬ፣ ልቤን» አለኝ።

እኛ አገር ልቤን ያለ ሰው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ልቤን አቃጠለኝ፣ ልቤን ነፋኝ፣ ልቤን ያዘኝ። ከእንብርት ከፍ ብላ ያለችው ቦታ ናት። ሽሮ የበዛበት ሰው ልቤን ይላል። ፋሲካ ቅቤውን ያበዛ ሰው ልቤን ይላል። ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ ሰጠሁት። ተልባ አይወድም ነበር። ጠጣው።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ንጋቱ ነበር ተረኛው። የዚሁ ቀበሌ ልጅ ነው፤ ከእንዳልካቸው ጋር አብረው ነው የተማሩ። ምን ይሰማሃል ብሎ ጠየቀ። ጨጓራ ነው ተባለ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ስናደርሰው ጉንፋኑ ልቡን ጎድቶታል፣ ዘግይታችኋል አሉን። ልቡን፤ እውነተኛውን ልብ። ረቡዕ ሞተ።

ይኸው ነው። ንጋቱ በደንብ አልጠየቀም። የተማረ እሱ ነው፤ መጠየቅ የእሱ ሥራ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ ንጋቱ ደጃችን መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ «እንደምን ዋሉ እትዬ ላቀች» አለ። አልተነሣሁለትም። እህል አበጥር ነበር፣ ማበጠሬን ቀጠልኩ። ገለባው ፊቱ ላይ ይሄዳል፤ አይጠርገውም። የኔታ ከውስጥ «ና ግባ ልጄ» አሉት።

ልጄ!

ሲሄድ «ለምን ልጄ አልከው?» አልኳቸው። ጓዳ ውስጥ አንተ ነው የምላቸው፤ ስናደድ ደግሞ የትም ቢሆን። «ልጅ ነዋ» አሉኝ። 

ኅዳር 16

ጾሙ ገባ። ዛሬ የመጡት ደግሞ ዓይን ነው አሉ። «ነጭ ኮት ለብሶ ሲያስተምር ያዩት ሰዎች» አሉ። አንዷ ጠበል ሳትወስዱት አለችኝ። አንዷ ሐኪም ቤት ባትወስዱት ኖሮ አለችኝ። ሁለቱም አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው። እርስ በርሳችሁ ተስማሙና ንገሩኝ ልል ነበር።

ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ሐኪም ነው። ያን ሳምንት የት ነበራችሁ?

ኅዳር 22

ብቅሉን ዛሬ አወጣሁት። ለሠርጉ ያበቀልኩት ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ነበር። ለተዝካሩ ጠላ ይሆናል። ትዕግሥት በስልክ «እማዬ፣ ሌላ ብቅል ከገበያ እንግዛ፣ እሱን ተይው» አለችኝ። ምን ልዩነት አለው? የተዘጋጀው ለእሱ ነው። ገብሱም ያው ሊያየው የሄደው ማሳ የአምና ገብስ ነው።

ስወቅጠው እጄ ደከመ። ሠርገኛ መስለን ነው የምንለፋ።

ኅዳር 30

ትናንት ተዝካሩ ወጣ። አሁን እግሬን ዘርግቼ ነው የምጽፈው።

ሰዉ ብዙ ነበር። የኔታ ጸሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አደረሱ። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። «ለሰው ልጅ ስቆም ኖሬ ለራሴ ልጅ ልቀመጥ?» አሉ። ወደ መጨረሻው ድምፃቸው ተሰበረ። ሰው ሁሉ ልቅሶ መሰለው። እኔ ሳል መሆኑን አውቄያለሁ። ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ከእኔ ደብቀው ደጅ እየወጡ ነው የሚያስሉ።

ንጋቱ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ጠላ ሲቀዳ ዋለ። ጥጋቡ ዋንጫውን እየዘረጋ «ቅዳ እንጂ! ይኼንንም በማንኪያ በቀን ሦስት ጊዜ ልታዝልኝ ነው?» አለው። ሰው ሳቀ። በልጄ ተዝካር ላይ ሳቁ። በኋላ ሳስበው እንዳልካቸው ቢሰማው ቀድሞ የሚስቅ እሱ ነበር።

ማምሻውን ንጋቱ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ የኔታ ያስላሉ። ትኩሳትም ያላቸው ይመስለኛል። ቢታዩ» አለኝ።

«አንተ ስታይ አይተናል» አልኩት።

ሰው ሰምቷል። ፊቱ ጠቆረ። መልስ ቢሰጠኝ እወድ ነበር። የሚለው ነገር አለው፤ እኔም እንዳለው አውቃለሁ፤ አይልም። ዝም ብሎ ዋንጫ መሰብሰቡን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ታኅሣሥ 3

የኔታ ተኙ። ትኩሳት። ሳል። ውኃ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም አሉ። ምን ሆንክ ብላቸው፦

«ጉንፋን ነው።»

ይህን ቃል ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳትጠራው አልኩ።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ ተጣላን። ተማሪዎቹ ሁሉ ከደጅ ሰምተዋል፤ ይስሙ።

ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሏል። በረድ ማለቱ ነው ያስፈራኝ፤ የዚያን ጊዜም እንዲሁ ነበር። እሳቸው ግን ዳንኩ ብለው ተነሥተው ሊያስተምሩ ወጡ። ከበሩ እስከሚያስተምሩባት ዛፍ ምን ያህል ነው? ሁለት ጊዜ ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰማይ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው።

«ግባ!» አልኳቸው።

«አንቱ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ።»

«እንግዲያው አንቱ ግቡ!»

ገቡ። እግራቸውን ሳያቸው አብጧል፤ ጣቴ የነካበት ይጎደጉዳል። ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩ። ከጾሙ በኋላ አሉ። ከጾሙ በኋላ! ገና ሊደርስ ስንት ጊዜ አለው? የገና ማኅሌት ሳልቆም የትም አልሄድም አሉ። ቁመህ ልትወድቅ ነው? አልኩ። ብወድቅ መልካም ቦታ ነው አሉ። እኔስ? አልኩ። እኔ የት ልውደቅ?

 ቆይተው ትንሽ አዘኑልኝ መሰለኝ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «በይ ተልባ አድርጊልኝ፤ ልቤን ይዞኛል» አሉኝ።

ተልባ የለም አልኳቸው።

ጎታው ሙሉ ነው።

ታኅሣሥ 6

መኪና የለም። መንገድ ተዘግቷል አሉ። ተከፍቷል አሉ። ማን እንደዘጋው፣ ማን እንደከፈተው የሚያውቅ የለም። ትዕግሥት ስልኳ አይሠራም።

ጥጋቡ ቃሬዛ ይዞ ጎረቤቱን ሰብስቦ መጣ። የኔታ ቃሬዛውን ሲያዩ «በቁሜ? እንዳልካቸውን ያወጣችሁበት ነው፤ አልሄድበትም» አሉ። ጥጋቡ «የኔታ፣ አንቱን ለመሸከም አንድ ሳምንት ነው ስንለማመድ የቆየን፤ አታሳፍሩን» አላቸው። አልሳቁም፣ አልሄዱም። በመጨረሻ በበቅሎ ሆነ። አንዱ ከኋላ ደግፏቸው።

እኔ ሳልጠራው ንጋቱ መጣ። ስልክ የሚይዝበትን ጉብታ እሱ ያውቀዋል፤ ወጥቶ ለሚኒባስ ሹፌር ደወለ። እስከ አርብ ገበያ በእግሩ በቅሎዋን እየሳበ ሄደ። መንገድ ላይ የኔታን እጃቸውን እየያዘ የደም ሥራቸውን ምት ይቆጥራል። እኔ ከኋላ ነኝ። ቃል አላነጋገርኩትም። አንድ ጊዜ ድንጋይ ሲያደናቅፈኝ ዞር ብሎ እጁን ዘረጋ። አልያዝኩትም። ጉልበቴ ተላጠ። ይበለኝ።

ታኅሣሥ 7

ሆስፒታል ገባን። ኦክስጅን አድርገውላቸዋል። ትዕግሥት እዚሁ ናት። ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልባቸውን ምት በወረቀት አወጡት። የተራራ ሰንሰለት ይመስላል። ዶክተሯ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ሌሎች ጠራች።

ሌላውን ነገ።

ታኅሣሥ 8

ትንሽ እፎይ ብለዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚተኙ። የትናንቱን ልጻፍ።

ዶክተሯ ሙሉዓለም ትባላለች። ልጅ ናት፣ አነጋገሯ የዚህ አገር አይደለም። አልጋው ጋ መጥታ «አባቴ፣ ምን ይሰማዎታል?» አለቻቸው። የኔታ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። በእኛ ቤት የማንም ሕመም የሚነገረው በእኔ አፍ ነው። ልጆቹ ሕፃን ሆነው ነው የጀመረው፤ ከዚያ አድገውም እንዲሁ፣ እሳቸውም እንዲሁ። ሐኪም ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። እነሱ ያስላሉ።

እኔ ስዘገይ ጊዜ የኔታ ራሳቸው «ልቤን» አሉ።

«ልብዎን? የቱ ጋ?» አለች። እሳቸው ይህ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል ብለው ጣራ ጣራውን አዩ። ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ ልቤን ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሆዳቸውን ነው ደረታቸውን?»

ትዕግሥት አየችኝ። የኔታ አዩኝ። ንጋቱ እበሩ ላይ ቆሟል፤ እስከዚያ ድረስ አልተመለሰም። የዚህ አገር ልጅ ነው፣ ትርጉሙን ከእኔ እኩል ያውቀዋል፣ ሙያውም ነው፤ አልተናገረም። እኔን ነው የሚያይ። ምን ያየኛል?

ጨጓራ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። በቀላሉ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የተባለ ነው። ሽሮ፣ ጾም፣ ባዶ ሆድ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ። ሁሉም ተራቸውን ይዘው መጡ።

ዝም አልኩ።

«እናቴ?» አለች። ዝም አልኩ። ደንቆሮ መሰልኳት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ትዕግሥት በክርኗ ነካችኝ። ዝም አልኩ።

ዶክተሯ ተስፋ ቆርጣ «እሺ አባቴ፣ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለቻቸው።

የኔታ እጃቸውን አነሡ። ለተማሪ ዜማ ሲመሩ የሚያነሡት እጅ ነው። ከእንብርታቸው በላይ አሳረፉት፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ደረታቸው መሀል፣ ከዚያ ወደ ግራ ትከሻቸው፣ እስከ መንጋጋቸው። «ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ድረስ። ድንጋይ የተጫነኝ ያህል። ስጋደም ደግሞ ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል» አሉ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ሕመማቸው ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ የት አስቀምጠውት ነበር?

ወዲያው ሽቦው መጣ።

እንዳልካቸው ያን ቀን ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ እጁን የት አድርጎ ነበር? አላስታውስም።

አስታውሳለሁ። ዛሬ አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 9

ዶክተሯ ዛሬ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ጉንፋኑ ጉንፋን ብቻ አይደለም፣ ከባዱ ዓይነት ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል አለች። ሰውነት እሱን ሲዋጋ ልብም ይጎዳል። አንዳንዱ የልብ ሥሩ ይዘጋበታል፣ አንዳንዱ ልቡ ይደክምበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ የልቡ ሥጋ ራሱ ይቆስልበታል። የኔታ ልባቸው ደክሟል፣ ሥሩም ጠቧል። የወንድ ልጄን ነገርኳት።  «የእሱ የልብ ቁስለት ይሆናል፤ ጎረምሳም ቢሆን አይምርም» አለች።

«ስንቱን ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?» አልኳት።

«ሆስፒታል እስከ መተኛት ከሚደርሱት ትልልቅ ሰዎች ከስምንቱ አንዱን ያህል ልቡን ይነካዋል ይላሉ ያጠኑት» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ። ቆጠርኩት። ከስምንት አንድ ከሆነ ከአንድ ቤት ሁለት ለምን ሆነ? ያጠኑት ሰዎች እኛ ቤት ለምን አልመጡም? ይህን ብላት «ከዚህ በፊት ያማቸው ነበር? ሲጋራ? ደም ግፊት?» ትለኛለች። ደም ግፊታቸው ተለክቶ አያውቅም። ማን ይለካዋል?

ክትባት አለው አለችኝ ደግሞ። በየዓመቱ የሚሰጥ። እዚህ አለ? አልኳት። እዚህ እንኳ ገና ነው አለች።

እዚህ ከሌለ ለምን ነገርሽኝ? አልኳት። ይቅርታ አለችኝ። ይህች ልጅ ምን አጠፋች? ለሰው ሁሉ እጮሃለሁ።

ታኅሣሥ 13

የመብል ጦርነት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም አሉ። ዶክተሯ ጠዋትና ማታ ትላለች። የኔታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ልዋጠው ይላሉ። ዶክተሯ ጭንቅላቷን ያዘች።

ትዕግሥት ለንስሐ አባታቸው ደወለች። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ያዝንላቸው። ንስሐ አባታቸው ከወዲያ ይጮኻሉ፤ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል፤ «ብሉ ብያለሁ! ታማሚ ነዎት፣ አልፈርድብዎትም!» የኔታ ስልኩን መለሱና «በሽቦ ፍትሐት አይሆንም። ፊቴ መጥቶ ይበለኝ» አሉ።

በዚህ ጊዜ ተነሣሁ። በሰው ሁሉ ፊት አንተ አልኳቸው። «አንተ! አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ ተዝካር የማወጣበት ብቅል የለኝም!»

 አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞሩ። የኔታ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ለገንፎው ዘረጉ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል፤ የስማቸው ቀን። አልጋው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በሆዳቸው ነው የሚያዜሙ። የጎን አልጋው በሽተኛ «የኔታ፣ እኛም እንስማ እንጂ» አላቸው። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ዜማው ከግማሽ ላይ ቆመ። ማንም አልሳቀም። የእግራቸው እብጠት ጎድሏል።

ታኅሣሥ 27

ወጣን። ገናን ቤት ይዋሉ፣ ማኅሌት ግን አይቆሙም አለች ዶክተሯ። «ተቀምጬስ?» አሏት። «ተቀምጠው፣ ጥቂት» አለች። እንደ ገበያ ተከራከሩ። ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ ከባድ አያንሡ። ይህን ሁሉ ለእኔ ትነግረኝ ጀመር። «ለእሳቸው ንገሪያቸው» አልኳት።

ጥር 4

ንጋቱ በየሦስት ቀኑ የደም ግፊት መለኪያውን ይዞ ይመጣል። እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ውኃ እንኳ አልሰጠሁትም።

ጥጋቡ ዛሬ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ላቀች፣ እኔም ትንሽ ያስለኛል።»

«ሂድና ታይ!»

«በጉንፋን?»

በእጄ የያዝኩትን መጥረጊያ አነሣሁበት። «ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው!» እያለ ሮጠ። ሲሮጥ ደህና ነው፤ አልቆመም። አየሁት። ቢሆንም ሲመሽ ሚስቱን ጠየቅኋት፤ በእርግጥም ጤና ጣቢያ ሄዷል። መቃብር የሚቆፍር ሰው መፍራቱ ጥሩ ነው።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት አለፈ። የኔታ ታቦቱን ከደጅ ሆነው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተሳለሙት። እንዳልካቸው ሊያገባበት የነበረው ሰሞን ነው። በየመንገዱ የሠርግ ዘፈን አለ። ጆሮዬን በምን ልድፈነው።

ዛሬ ንጋቱ መጣ። የኔታ ተኝተው ነበር፤ ሊቀሰቅሳቸው አልወደደም፣ ደጅ ቆመ። እኔ ገብስ አሰጣ ነበር። ወደ ጓዳ ልግባ አልኩ፤ እግሬ አልሄደም።

«ተቀመጥ» አልኩት።

ደንግጦ ተቀመጠ። መለኪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሻሸዋል። ጓደኛሞች ሳሉ ሁለቱም እዚያች ድንጋይ ላይ ነበር የሚያጠኑ።

«ያን ቀን» አልኩት፣ «እጁን የት አድርጎ ነበር?»

ማንን አላለኝም። ቀስ ብሎ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ፣ ከመሀል ወደ ግራ ጠጋ አድርጎ አሳረፈው። ልክ እንደሱ። እኔም እዚያው ነው ያየሁት።

«አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ እትዬ። ግን» አለና ቆመ።

ግን የሚለውን አውቀዋለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ለማንም አልተናገረውም። ተዝካሩ ላይ፣ በሰው ፊት፣ እኔ ስዘልፈው ሊናገረው ይችል ነበር። የኔታ ልጄ ሲሉት ሊናገረው ይችል ነበር። ገለባውን ከፊቱ አልጠረገም።

«የጠየቅከው እሱን ነበር፤ የመለስኩልህ እኔ» አልኩት።

አላየኝም። «አዎ» አለ።

 ገብሱን በእጄ ዘረጋሁት፣ ደግሞ ሰበሰብኩት፣ ደግሞ ዘረጋሁት። ከዚያ ውኃ አመጣሁለት። ጠጣ።

የኔታ ነቅተው ከውስጥ አሳሉ። አንድ ላይ ገባን። ንጋቱ ክንዳቸውን አሥሮ ለካ፣ እግራቸውን ተጭኖ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ዛሬስ ምን ይሰማዎታል የኔታ?» አላቸው።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቱን ነው የጠየቀ» አልኳቸው።